የሌለ ፍሬን

የቡና ጆንያ አጥፎ፣ ከጆንያው ላይ ትራስ ጥሎ
ከመሪው ፊት አስቀመጠኝ፣ «አሁንስ መንገዱ ታየሽ?» ብሎ።
ዓመቴ አስራ ሁለት፤ ቁጭ ካልኩ እግሬ ፍሬኑ ጋ አይደርስም፣
ልርገጥ ብዬ ከወረድኩ ደግሞ መንገዱ ከፊቴ የለም።
እናም ተራ ገቡ፣ ዓይኔና እግሬ፣
አንዴ ለማየት፣ አንዴ ለመርገጥ ተፈራርቀው፤
ከሰርቦ በላይ ያለውን የግጦሽ ሜዳ
በአንደኛ ማርሽ፣ ላሞቹ እያዩን፣ አረስነው።

ፒክ አፑ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ የቀኝ በሩ በሽቦ ታስሯል፣
ሁለተኛ ማርሽ ሲገባለት ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው ያቃስታል።
«ፍሪሲዮኑን እንቁላል እንደምታስቀምጪ ልቀቂው» ይለኛል አባቴ፣
እኔ እንደ ድንጋይ እጥለዋለሁ፤ ይዘላል፣ ከነአንጀቴ።
ከኋላ ጭነቱ ላይ የተቀመጡት አባ ፊጣ
«ያ ረቢ!» ይላሉ፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጅ ይዘው፣
«ይቺ ልጅ ገበያ ሳታደርሰን አኼራ ልታደርሰን ነው!»

የኋላ ማርሽን ግን ያስተማረኝ አባቴ አይደለም።
አንድ ቀን ማታ፣ ዞር ብዬ ሳላይ፣
የጎረቤታችንን የቡና ማድረቂያ አልጋ ከነእግሩ ገነደስኩት።
ጀንፈሉ ጭቃ ላይ ሲፈስ ሰማሁ፤
ድምፁ ዝናብ ይመስል ነበር።
ማንም አልተቆጣኝም።
አዴ ሸምሲያ ሁለት ሰፌድ ይዘው መጡ፣
አንዱን ለኔ ሰጡ፣ አንዱን ይዘው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።
አምስት ቀን፣ ፍሬ በፍሬ፣
ጭቃው ጥፍሬ ውስጥ ደርቆ፣ ሳንነጋገር ለቀምን።
«መስታወት አለልሽ» ይሉኛል ዛሬ፤
እኔ አንገቴን ሦስቴ ሳላዞር አንድ ክንድ ወደ ኋላ አልሄድም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አወቅኩት፦
ሐምሌ ላይ ሳሙና የሚሆነውን ቀይ አፈር፣
የነጂሃድ በቅሎ መንገድ መሀል የምትተኛበትን ሰዓት፣
ጎማው ከመስመጡ በፊት ሞተሩ የሚያወጣትን ያቺን የጭንቅ ድምፅ።
ከተማውን ብቻ አላውቅም። አባቴም አይገባም፤
ቦዬ ሲደርስ፣ ረግረጉ ዳር፣ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል፣
ጭነቱን ለጋሪ ያስተላልፍና ሣሩ ላይ ይጋደማል።
«ለምን አንገባም?» ስለው
«ጉማሬ እያየሁ ነው» ይላል።
ስንት ዓመት አየ! እኔ ጀርባውን እንኳ አይቼ አላውቅም፣
ከፊት ካለው ኬላ ግን ትራፊክ ጠፍቶ አያውቅም።

አስራ ዘጠኝ ሲሞላኝ ጅማ ገብቼ ተመዘገብኩ።
«ይሄ መሪ ይባላል» አለኝ አሰልጣኙ፤ «እሺ» አልኩ።
«ይሄ ደግሞ ፍሬን ነው።» «እሺ።»
ሰባት ዓመት የረገጥኩትን እንደ እንግዳ አፍሬ ተዋወቅኩ።
በተግባሩ አለፍኩ፤ በጽሑፉ ወደቅኩ።
ሦስት ክብ መብራት ሥለው «ትርጉሙን ጻፊ» አሉኛ!
እኛ ዘንድ አረንጓዴ ማለት ጠብቂ፣ ገና ነኝ፣ አትንኪኝ፤
ቀይ ማለት ደርሻለሁ፣ ፍጠኚ፣ ሳልረግፍ ልቀሚኝ።
እጄ የለመደውን ጻፈ።

በሁለተኛው አለፍኩ።
አባቴ ካርዱን ወደ ብርሃን አድርጎ «ፎቶሽ አኩርፏል» አለኝ፤
ከዚያ ዝም አለ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣
ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው፣
እንዲህ ያለ ነገር ኪሱ ውስጥ አድሮ የማያውቅ።
ያኔ ገባኝ ጉማሬው።

በማግስቱ ቁልፉን ሰጠኝ። የቀኙን በር ሽቦ ፈትቶ
ገባ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ፣ እጁን የት እንደሚያኖር ጠፍቶት።
ኬላው ላይ ትራፊኩ እጁን አነሳ፤
አቆምኩ፣ ሰጠሁት፣ አየ፣ መለሰ፤
«መልካም መንገድ።» ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።
«ጉማሬ ካለ ላቁምልህ?» አልኩት።
ፊቱን ወደ ረግረጉ አዞረ፤ ይሳቅ፣ አይሳቅ አላየሁም።
ከተማው ሲቀርብ፣ ባጃጆቹ ግራ ቀኝ ሲከቡን፣
በዓይኔ ጫፍ ሳይ
ቀኝ እግሩ ባዶውን ወለል ረግጦ ይዟል፤
እኔ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር፣
ከኔ ትንሽ ቀድሞ።